የሲስተር አይናለም ክንድ

ኦቻላ ከሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆሞ ልብሱን በግራ እጁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጠቀጥቃል። ቀኝ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ አሪየት ከረጢቱን ትይዝለት ይሁን ትይዝበት አይታወቅም፤ እሱ የከተተውን እሷ መልሳ ታወጣለች።

«ሐኪሙ የነገረህን አልሰማህም?» አለችው በአኝዋክኛ።

«ሰምቻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አልቀደድም። ሁለቴ አስተኙኝ፣ ሁለቴ ነቃሁ፤ እጄ ያው ነው።»

ባሮ ወንዝ ላይ መረብ ሲስብ ነበር አዞው ክንዱን የያዘው። ወንድሙ በመቅዘፊያ ቀጥቅጦ ቢያስለቅቀውም አጥንቱ ተሰብሮ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ መጥቶ፣ የሞተው ሥጋ እንደገና ካልተጠረገ ክንዱን እናጣዋለን አለ። ከዚያ በኋላም ሌላ ቀዶ ጥገና ሊኖር ይችላል አለ። ኦቻላ ከረጢቱን ያነሣው ይሄን ጊዜ ነው።

ሲስተር አይናለም የቁስል ማጠቢያውን ጋሪ እየገፋች ገባች። የጎሬ ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ክልል ከመባሏ በፊት ጀምሮ እዚህ ሆስፒታል ሠርታለች። ከረጢቱን አየችው።

«ልትሄድ ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር። ቤቴ።»

«እሺ። በቆሸሸ ፋሻ ግን አልሸኝህም። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ፋሻውን የምትፈታው በግራ እጇ ነበር። ቀኟ ከጎን ሆኖ ይደግፋል እንጂ አይሠራም፤ ሁለቱ የዳር ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ኦቻላ እስካሁን ሲያያት አብሯት የተወለደ መስሎት ነበር።

ቁስሉን አጥባ ስታበቃ፣ «ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «የነካሁትን ጣት ንገረኝ።»

ጨፈነ። «አውራ ጣት» አለ። «ይሄ ሌባ ጣት። ይሄ የመሃሉ።» ከዚያ ቀጣዩን ጠበቀ፣ ጠበቀ። «ለምን አቆምሽ?»

«አላቆምኩም። የቀለበት ጣትህን አልፌያለሁ።»

ዓይኑን ገለጠ። ትንሿን ጣቱን በመቆንጠጫው አጥብቃ ይዛታለች።

አሪየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኦቻላ ጣቱን እንደ ሌላ ሰው ጣት አየው።

አይናለም የጋዋኗን እጅጌ ከክርኗ በላይ ሰበሰበች። ጠባሳው ከክንዷ መሃል ተነሥቶ ክርኗን ዞሮ ያልፋል፤ አንዱ ስፌት በሌላው ላይ ተሰፍቶበታል። ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን አንተ የእኔን ንካ» አለችው።

ትንሿን ነካ። ዝም። ቀጥላ ያለችውን ነካ። ዝም። በጥፍሩ ቆነጠጣት፤ ፊቷ አልተለወጠም። የመሃሉን ሲነካ፣ «እሱን አውቀዋለሁ» አለች። «እሱ ከሦስተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ የተመለሰ ነው።»

«ስንት ጊዜ ቀደዱሽ?»

«አራት። ከጎሬ ስንወርድ የክትባት መኪናችን ተገለበጠ፤ ክርኔ ከሥሩ ነበር። መጀመሪያ መቱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ።»

«በአራተኛው ዳንሽ?»

«አልዳንኩም።»

ኦቻላ ሊያጽናኑት የሚመጡ ሰዎች ይህን ሲሉ ሰምቶ አያውቅም።

«ሁለተኛው እንዲያውም አባሰብኝ» አለች አይናለም። «ውስጡ እሳት የሚነድበት ይመስለኝ ነበር፤ አንሶላ ሲነካኝ እጮሃለሁ። ነርቭ ነው አሉኝ። ሦስተኛውን ሲያዙልኝ እንዳንተ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። አውቶቡስ ተራ ደርሼ ቦርሳዬን ልከፍት ብል አቃተኝ። ቆሜ አለቀስኩና ተመለስኩ።» ክንዷን አጠፈችና እጇን እስከ አፏ አደረሰች። «ይሄንን ያገኘሁት በአራተኛው ነው። ከዚያ በፊት እንደ እንጨት የተገተረ ነበር። ዛሬም ደመና ሲከብድ ያቃጥለኛል።»

«እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ ሲስተር። ሁለት ጣት የሞተበት ሰው መረብ አይስብም።»

«መረብ ስቤ አላውቅም፤ አልዋሽህም። እኔ ግን መርፌ የምወጋው በቀኜ ነበር። ግራዬን ሳስተምር ከረምኩ። የኒውላንድ ሰፈር ጎረቤቶቼ እስኪያሙኝ ድረስ የግቢዬን ማንጎ ሁሉ በውሃ ወጋሁት።»

አማርኛ ብዙ የማትናገረው አሪየት ከመስኮቱ በኩል ሳቀች። ኦቻላም ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ጣቶችህ ይመለሳሉ አልልህም» አለች አይናለም። «ቁስሉን ከተውከው ግን ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ጣት አይሆንም።»

ይህን ብላ አዲሱን ፋሻ መጠቅለል ጀመረች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሁለቱን የማይሰሙ ጣቶቿን በግራ እጇ አንሥታ ፋሻው ላይ አኖረቻቸው። ይዘው እንደሆነ የምታውቀው በዓይኗ ብቻ ስለሆነ ዓይኗን ለአፍታም ከላያቸው አላነሣችም። በእነሱ አስይዛ በግራዋ ቋጠረች። ቋጠሮው ጥብቅ ነበር። ኦቻላ በወንዝ ሕይወቱ ብዙ ቋጠሮ አይቷል፤ ይህንን ግን ጎንበስ ብሎ አየው።

ጋሪዋን ወደሚቀጥለው አልጋ ገፋች። ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ ብላ አልጠየቀችውም።

«ሲስተር» አላት ከኋላዋ። «ሐኪሙ የሚመጣው መቼ ነው?»

«ከቀትር በኋላ። እስከዚያ ምንም እንዳትቀምስ።»

ኦቻላ በጀርባው ተጋደመ። አሪየት ከግርጌው ተቀመጠች። እሱ ከፋሻው የወጡትን ሁለቱን የማይሰሙ ጣቶቹን በግራ እጁ ያዘ፤ ከዚያም ዓይኑን ሳይነቅል፣ አንድ በአንድ፣ ደረቱ ላይ አስተኛቸው።