የዘገየ ሰው ያለህ

ፀጉር ሠሪዋ ከሹራቧ እጅጌ ላይ የደንበኞቿን ፀጉር እየለቀመች ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ብጥስጣሹ እንዳለ ተከትሏታል፤ አንዱን ስታነሳ ሌላው ብቅ ይላል። ዓይኗ ግን እጅጌዋ ላይ አልነበረም። ወደ መሳፈሪያው በር የሚያመጣውን ረጅም ኮሪደር ነበር የምታየው።

አውሮፕላኑ ከወንበሩ በላይ ትኬት ተሸጦበታል። "ወንበሩን በፈቃዱ ለቆ ነገ ጠዋት ለሚሄድ፣ ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው ጉዞ የሚሆን የነፃ ትኬት ቫውቸር እንሰጣለን" ሲባል እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ተነሳ። ታናሽ እህቷ ወልዳ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ባሏ በሥራ ርቋል። ስልክ ላይ "ነይልኝ" ብላ አለቀሰች፤ ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ "እማዬ ብትሆን ኖሮ" አለች።

እናታቸው አውሮፕላን የምታውቀው ከሥር አንጋጣ ነው። የትኬቱ ዋጋ ሲነገራት "ሊወስዱኝ ነው ወይስ ሊገዙኝ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም።

"ምን መሰለሽ፣ እህቴ፣ እጅ ማውጣት ብቻ አይበቃም" አላት አጠገቧ የተቀመጠው የመነጽር ነጋዴ። አዘውትሮ ስለሚበር ወንበር መልቀቅን እንደ ሁለተኛ ሙያ ይዞታል። "ገና ያልመጡ ሁለት ሰዎች አሉ። ከቀሩ በእነሱ ቦታ ባዶ እጃችንን እንሳፈራለን። አንዱ ከመጣ ቫውቸሩ ለእኔ ነው፤ ሁለተኛውም ከመጣ ለአንቺ።"

"ለምን አንተ መጀመሪያ?"

"ቀድሜ እጄን አወጣኋ!"

"ሁለቱም ቢቀሩስ?"

"ቢቀሩማ እንደ ማንም ሰው እንሄዳለና" አለና አንገቱን ወደ ኮሪደሩ አሰገገ። "የዘገየ ሰው ያለህ!"

እሷ አልሳቀችም። ብትሄድ ማታውኑ ሕፃኑን ትታቀፋለች፣ እህቷም አረፍ ትላለች። ግን ሥራዋ አይጠብቃትም፤ ሦስት ቀን ሳይሞላት ትመለሳለች፤ ያን ጊዜ እህቷ እንደገና ብቻዋን ናት። ብትቀር ለእናቷ ትኬት ይኖራል፤ ዛሬ ግን እህቷ ብቻዋን ናት። የቱን እንደምትመኝ እንኳ ጠፍቷታል።

አንድ ወጣት ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ እየሮጠ መጣ። ነጋዴው ብድግ አለ።

"ና! ና የኔ ወርቅ! እግርህን አንሳ!"

ወጣቱ ግራ ገብቶት ዞር ዞር እያለ ገባ። ነጋዴው ቫውቸሩን ተቀብሎ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ። "በይ፣ ይቅናሽ" ብሏት ሄደ።

ድምፅ ማጉያው የመጨረሻውን ተሳፋሪ ጠራ። ደግሞ ጠራ። የበሩ ሠራተኛ ሰዓቷን አየች።

"እህት፣ የመሳፈሪያ ካርድዎን ያዘጋጁ። ካልመጡ እርስዎ ይገባሉ።"

ካርዷን አወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወለል የሚወለውለው ሰው ብቻ ቀርቷል። ከእሱ ባሻገር፣ ከወዲያኛው ጫፍ፣ አንዲት አሮጊት በየእጃቸው አንዳንድ ዘንቢል ይዘው ብቅ አሉ። አይሮጡም። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ዘንቢሎቹን ያስቀምጣሉ፣ ከአንዱ በር በላይ የተጻፈውን ቁጥር አንጋጠው ያነባሉ፣ እንደገና ያነሳሉ።

ሠራተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታለች። ዝም ቢባል ማንም አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ካርዷን ጨብጣ እንደቆመች እህቷን አሰበች፤ ቀጥላ እናቷን። ከዚያ ራሷን ስትሮጥ አገኘችው።

"እናቴ፣ በረራዎ ይሄ ነው?"

"ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ልጄ። ሄደ እንዴ?"

"አልሄደም። ያምጡት።" ሁለቱንም ዘንቢል ነጠቀቻቸው።

"ኧረ ቀስ! ጉልበቴ አይከተልሽም። የዚህ ቤት ሠራተኛ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?"

"እርስዎ ካልደረሱ የምሄደው እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ቀጥ አሉ። "እና?"

"እና እንዳልሄድ ነው፣ እናቴ፣ ይራመዱ!"

"ጉድ እኮ ነው!" አሉ፤ ግን ተራመዱ፣ እየሳቁም።

በሩ ላይ ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ካርዳቸው ጢጥ አለ። ዘንቢሎቻቸውን ሲቀበሉ መለስ ብለው አዩዋት።

"የት ልትሄጂ ነበር?"

"እህቴ ጋ። ወልዳ።"

ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። "ብቻዋን ናት?"

"እናቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ" አለች ሠራተኛዋ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ "ቫውቸሩ በማን ስም ይሁን? በራስዎ ወይስ በሌላ ሰው?" ብላ ጠየቀች። ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ስም እስከ አያት ነገረቻት፣ አንድም ፊደል እንዳይሳሳት ቀስ እያለች። ከመስኮቱ ውጭ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ስልኳ ነዘረ። እህቷ ናት።

"አሁን ገና ተኛልኝ። ደወሉ እንዳይቀሰቅሰው በሩን አልቆልፈውም። ስትደርሺ ዝም ብለሽ ግቢ።"

ቆማ ደጋግማ አነበበችው። "አውሮፕላኑ ሞልቶ" ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። "ይቅርታ" ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

"በሩን ቆልፊው። እኔ ነገ ጠዋት እደርሳለሁ። እማዬ ደግሞ ትመጣለች።"

ላከችው። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት እስኪበራ ጠበቀች። በራ። ስልኩን በግምባሩ ደፍታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።