አጥፊው

«ኮፒው ሲያልቅ አጥፊው፣ እሺ እማ? ሌላ ምንም እንዳትነኪ!» ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ የምትፈታበት ቀጭን ካቻቢቴ ከጎረቤት ልትዋስ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ ሆዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው ተዘርግፎ፣ ሐኪም ጥሎት የወጣ በሽተኛ መስሏል። አሮጌው ዲስክ ሰሞኑን «ቀጭ ቀጭ» ማለት አብዝቶ ነበር። «ሊሞትብኝ ነው» ብላ ልጅቷ አዲስ ገዛች፤ ከጠዋት ጀምሮም ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ እየገለበጠች ነው። ሁሉ ማለት ለእናት አንድ ነገር ነው፦ ሰኞ የሚሰጠው የመመረቂያ ጽሑፍ። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም። «ዛሬ ነገ ስል» ነበር ያለችው ልጅቷ።

እናት በሆስፒታሉ ማጠቢያ ክፍል እጇ እስኪላጥ አንሶላ ያጠበችው ለዚህ ጽሑፍ ነው። ውስጡ ምን እንደሚል አታውቅም። ስሙን ግን ታውቀዋለች። እናት የማታ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ልጅቷ ኮምፒውተሩን ወደ አማርኛ ቀይራላታለች፤ «መመረቂያ» የሚለውን ፎልደርም ጣቷን ይዛ አስነብባታለች። «ሁለት መ ጎን ለጎን! መንታ ወልደሻል» ብላ ስቃ ነበር እናት።

አሁን ስክሪኑ ላይ ሲሄድ የነበረው አረንጓዴ የኮፒ መስመር ድንገት ጠፋና ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ወንበሯን አስጠግታ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስሄደች።

«አ... ጥ... ፋ።»

አጥፋ! ድሮ ቢሆን ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅላ ትገላገል ነበር። ዛሬ ግን ልጇ ያዘዘቻት ቃል ራሱ ፊቷ ተጽፏል፤ እሷም አንብባዋለች። ማውሱን ጫጩት እንደያዘ ሰው በስስት ይዛ ቃሉ ላይ አደረሰችውና ተጫነች።

ሌላ ሳጥን መጣ። ይሄኛው ረዘም ይላል። «እር... ግጠ... ኛ... ነዎት?»

ነዎት! አንቱ አላት እኮ! በሥራ ቦታ በልጇ ዕድሜ ያለው አለቃዋ እንኳ «አንቺ» ነው የሚላት። እንዲህ አክብሮ የጠየቀን እንቢ ማለት ነውር መሰላት። «አዎ» የሚለውን ለማንበብ ጣትም አላስፈለጋት።

መስመሩ እንደገና ከመጀመሪያው መሄድ ጀመረ። አሁን ቀይ ነው። «አርጅቷል፤ ለመተኛትም ጊዜ ይወስድበታል» አለች በሆዷ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ።

«ተገኘች!» ልጅቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። «ሰውዬው ካቻቢቴ ሲያውስ እኮ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው። አደራ፣ በደህና መልሺያት እያለ...» ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ በቁሟ ደረቀች። «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አጥፊው አላልሽኝም? እያጠፋሁት ነዋ። ብቻዬን እኮ ነው ያነበብኩት!»

ልጅቷ ዘላ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ዝጊው ማለቴ ነው! ይሄ እኮ የሚያጠፋው ውስጡ ያለውን ነው! የትኛውን ዲስክ ነው ያለሽ? አሮጌውን ነው አዲሱን?»

«እኔ እንጃ...»

«ኮፒውስ? መቶ ሞልቶ ነበር?»

«ቁጥሩን አላየሁትም፣ እናቴ። ፊደሉን ስከተል...»

«አሮጌውን ነክቶ ኮፒውም ካልሞላ አለቀልኝ! በቃ አለቀልኝ! ምናለ ማንበብ ባትችዪ ኖሮ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ራሷ ክው አለች። እናት መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው። የምታስቀምጥበት ቦታ ግን የጠፋባት ይመስል በእጇ ይዛው ቀረች።

ልጅቷ አሮጌውን ስትፈታ ካቻቢቴው ከብሎኑ ራስ ላይ ደጋግሞ አዳለጣት። እናት የሚወጣውን ብሎን ሁሉ በመዳፏ ተቀበለች፤ ሌላ ጥፋት እንዳይጨመርባት ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ገና ትኩስ ነበር። አዲሱ በቦታው ገባ። ገመዱ ተያያዘ።

«ሶኬቱን» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። እናት ሰካችው።

ፋኑ መዞር ጀመረ። ስክሪኑ ጨልሞ ቆየ፤ ቆየ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አልችልም። አንቺ እዪልኝ።»

«እኔ?»

«አንብቢልኝ፣ እማ።»

እናት በአንድ እጇ መነጽሯን አጠለቀች። በሌላው ጭብጧ ውስጥ ብሎኖቹ ይወጓታል፤ አልለቀቀቻቸውም። ስክሪኑ በራ።

«ፎ... ቶ» አለች።

«ተነሥቷል!» አለች ልጅቷ ከመዳፏ ሥር። «ግን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥይ።»

«ሙ... ዚ... ቃ።»

«ቀጥይ።»

ጣቷ ወረደ። «መ።»

«መዝናኛ የሚልም አለኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ቀጣዩስ ፊደል?»

እናት ጎንበስ አለች። ቸኩላ እንዳትሳሳት ጣቷን መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ከዚያ አንድ ፊደል ወደ ቀኝ አሳለፈችው።

«እሱም መ ነው።»