እስክልዎት አይልቀቁት

ሞተር ሳይክሉ ለሁለተኛ ጊዜ በጎኑ ሲወድቅ የፍሬኑ ዘይት በይታገስ ሱሪ ላይ ተደፋ። ይታገስ የቡሎን መፍቻውን ቁልፍ በቀኝ እጁ እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። የግራ እጁ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ የኋላውን ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ሰመጠና ከነሞተሩ ቦይ ገባ። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ፍሪሲዮን መያዝ አያቅታቸውም፤ እጁ ግን ክብደት አይችልም።

ፍሬኑ አየር እንደሳበ ያውቃል። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጎ አየሩን ያስወጣና መልሶ ያጠብቃታል። ሁለት ሰው ካለ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የቢቸናው መካኒክ ለለቅሶ ሞጣ ሄዷል። የክትባቱ ሳጥን በረዶው ተሞልቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቁልቁለቱ ሥር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቁታል።

የቆርቆሮው አጥር በር ሲንቋቋ ቀና አለ። ታላቅ ወንድሙ ቄስ ባምላኩ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሟል። ግቢው የአባታቸው ነበር። አሁን መሐሉን ቆርቆሮ ከፍሎታል፤ በቆርቆሮው ላይ ያለውን በር እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሁለቱ አንዳቸውም አልከፈቱትም ነበር። ባምላኩ የወደቀውን ሞተር፣ ከዚያም የታሰረውን እጅ አየ።

«ምን ልያዝልህ?» አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት እናታቸው ስትታመም ባምላኩ እቤቷ ሆና ጠበል ትጠመቅ ብሎ ነበር። ነርስ የሆነው ይታገስ ግን ባሕር ዳር ወስዶ ሆስፒታል አስተኛት። በዘጠነኛው ቀን ቄስ ልጇ ሳያቆርባት አረፈች። ከቀብር መልስ ባምላኩ «ከቤቷ አውጥተህ በሰው አገር አስሞትካት» አለው። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

ሞተሩን ተጋግዘው አቆሙት። ይታገስ ዘይቱን ሞላ፣ ከጤና ጣቢያው ያመጣውን የጉሉኮስ ቱቦ ቡሎኗ አፍ ላይ ሰካ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ነከረው።

«ደጋግመው ይርገጡና ይያዙት» አለ። «እስክልዎት አይልቀቁት። ቡሎኗ ክፍት ሳለች ከለቀቁት አየሩ ተመልሶ ይገባል።»

ባምላኩ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አንቱ የሆንኩት?»

አንድ መደብ ላይ እየተኙ ነው ያደጉት። ይታገስ አንተ ሊለው ፈልጎ አፉ እንቢ አለው።

«ይርገጡ።» ቡሎኗን አላላት። አረፋው እየተንፎለፎለ በቱቦው ወጣ። አጠበቃት። «ይልቀቁ።»

አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። ይርገጡ፤ ይያዙ፤ ይልቀቁ። የወንድሙ ትንፋሽ ከአናቱ በላይ ይሰማዋል፤ ከነጠላው የሻማ ሽታ ይመጣል። ሥራው ባያልቅ ብሎ መመኘቱ ለራሱም ገረመው። አረፋው ግን እየሳሳ መጣ።

ባምላኩ ዓይኑን ከቱቦው አልነቀለም። «በእናታችን ክንድ ላይ የነበረው እንዲህ ያለ ነው?»

«አዎ።»

«ስታርፍ ምን አለች?»

ቡሎኗ ክፍት ነበረች። ይታገስ ቁልፉን እንደጨበጠ ቀረ። ለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ ሲጠይቀው «ሁላችንንም መርቃ ነው ያረፈችው» ይል ነበር። ሴቶቹም ይህን ሰምተው እልል ሊሉ ቃጥቷቸው፣ አልቅሰውም ነበር።

«አላውቅም» አለ። «አልነበርኩም። መድኃኒት ግዛ ብለውኝ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አንሶላውን ፊቷ ላይ ስበውታል።»

«መርቃናለች ብለኸናል።»

«ብያለሁ።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«ብቻዋን።»

ይታገስ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ የጎማ ጫማው፣ የተሰነጠቀው ተረከዙ። እግሩን ነቅሎ የሚሄድ መሰለው። ባምላኩ ግን ፔዳሉን አለቀቀም፤ እንዲያውም በሁለት እጁ ጉልበቱን ወደ ታች ተጫነው።

«ዝጋው» አለ በመጨረሻ። «ደከመኝ።»

ይታገስ ቡሎኗን አጠበቀ። ቱቦውን ነቅሎ፣ ተነስቶ ፔዳሉን በራሱ እግር ሞከረው። ጠንክሯል፤ ገና ሲነካው ያዘ።

«ያዘ» አለና ዞረ። ባምላኩ በሩን አልፎ ሄዷል።

የክትባቱን ሳጥን ከኋላ ወንበሩ ላይ በጎማ ገመድ አሰረ። ሄልሜቱን ሲያነሳ ከቆርቆሮው ወዲያ የወንድሙ ድምፅ ተሰማው። የሙታን ጸሎት ነው። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሳ ለአመትከ አመተ ሥላሴ…» አመተ ሥላሴ የእናታቸው የክርስትና ስም ነው።

ባምላኩ ከእሷ ቀጥሎ በሕይወት ያሉትን ጠራ። ሚስቱን አነሳ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በክርስትና ስማቸው አነሳ። ይታገስ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ገብረ ኪዳን የሚለውን የራሱን ስም ጠበቀ።

ከስሙ በፊት ድምፁ ቆመ። ጸሎቱ አላለቀም፤ ማሳረጊያው አልተባለም። ከቆርቆሮው ወዲያ የባምላኩ ትንፋሽ ይሰማል፤ ከወዲህ ይታገስ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆሟል።