የደረጃው ሽበት

ክረምቱ ሲወጣ የአቶ መኩሪያ ቤት ደረጃ ሸብቶ ነበር። የድንጋይ ሽበት እንደ ሰው ሽበት ነጭ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው፣ ደግሞም ያዳልጣል። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ ግቢያቸውን አስፈትገው ሲጨርሱ የእሱ ደረጃ እንደ ጎመን መደብ ለምልሞ ቀረ።

ነሐሴ ላይ ሚስቱ ብርነሽ እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ መኩሪያን ለብቻው ጠርቶ፣ «ሁለተኛ ከወደቁ አይነሡም» አለው። መኩሪያ አላለቀሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ደንዝዞ ነው የሚውለው፤ ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው፣ ቢነኩትም አይሰማው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርነሽ ከእንግዲህ መውደቅ የለባትም።

እሷ ግን ቤት አትቀመጥም። በምርኩዝ እየተደገፈች በዚያው ደረጃ ወርዳ መካኒሳ ጠበል ትሄዳለች። «ዛሬስ ቅሪ» ቢላት አትሰማም። ባዶ ሀይላንድ ይዛ ሄዳ፣ ሞልታ ትመለሳለች። ከዚያ በየጠዋቱ ገና ከአልጋ ሳትወርድ፣ በባዶ ሆዷ በትንሽ ብርጭቆ ትጠጣለች።

መኩሪያ ደረጃውን በሽቦና በኦሞ ፈተገው። ብዙም ሳይቆይ መልሶ አረንጓዴ ሆነ። በመጨረሻ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ቀለምና የግንባታ ኬሚካል የሚሸጠው ሃሩን ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄን ያፍስሱበት፤ ፍተጋ የሚባል ነገር የለም» አለ ሃሩን። «ደረጃው ደርቆ ካፈሰሱት፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ ቡናማ ይሆናል። ከሥሩ ነው የሚገድለው።»

ከበርሜል ቀድቶ በሀይላንድ ሞላለት። ኩልል ያለ ነው። መኩሪያ አሸተተው፤ ምንም አይሸትም።

«ውኃ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?»

«ኧረ ጋሼ! መርዝ ነው እንጂ። ከውኃ ጋር እንዳይሳሳት ምልክት ያድርጉበት፣ አደራ።»

መኩሪያ አደራ የሚዘነጋ ሰው አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ንብረት ክፍል ነበር የሠራው፤ ምልክት የሌለው ዕቃ ሲያይ ያሳክከዋል። እቤት እንደገባ የብርነሽን የስፌት ሣጥን ከፈተ። ጥቁሩ ክር ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ምኑን እንደሰፋችበት አልጠየቀም። ከቀረው ላይ ቆርጦ ሀይላንዱ አንገት ላይ አሰረ። ውጭው ማካፋት ጀምሮ ነበር። ነገ ሲደርቅ አፈስሰዋለሁ ብሎ ከደረጃው ሥር አስቀመጠው። ለብርነሽ አልነገራትም። ጠበል ያለበት ቤት መርዝ አስገባህ ብላ ስትነዘንዘው ልትከርም ነው፤ ዝም ይሻላል።

በነጋታው ከደረጃው ሥር አጣው። ሲፈልግ ሳሎን መስኮት ላይ አገኘው፤ ጥቁሩ ክር አንገቱ ላይ አለ።

«ይቺ ሴትዮ ዕቃ ማንሳት አትተውም መቼም!» ብሎ አጉተመተመ። ብርነሽ ግን ተኝታ ነበርና አልቀሰቀሳትም። ይዞት ወርዶ ደረጃው ላይ አፈሰሰ፤ የተረፈውን ዳግመኛ እንዳትነካው ዕቃ ቤት ከቶ ቆለፈበት።

ሻይ ጠጣ፤ ደረጃው አረንጓዴ ነው። ምሳ በላ፤ አሁንም አረንጓዴ ነው። በማግስቱም እየቆጠበ አፈሰሰ፣ ከዚያም ወዲያ አፈሰሰ። ሽበቱ ጭራሽ ወዝ አወጣ።

ብርነሽን ደግሞ በዚያው ሰሞን ያስመልሳት ጀመር። መኩሪያ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ብርኔ» አላት።

«የምን ሐኪም?» ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን ፈገግ ብላለች። «ጠበሉ እኮ ነው፣ ያለብኝን እያወጣልኝ ነው። እንዲህ ሠርቶልኝ አያውቅም።»

ጠበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው፣ ከዚያም የሚሻለው ሰው መኩሪያ በዓይኑ አይቷል። እሷ ደስ ካላት ምን አገባኝ ብሎ ተወ። እሱን የሚያበግነው ሃሩን ነበር። ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ሀይላንዱን አወጣና ታክሲ ያዘ።

«አንተ ሌባ! ውኃ ሸጥክልኝ አይደል?»

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሃሩን ሀይላንዱን ተቀብሎ ከሱቁ ፊት የሸበተ ድንጋይ ላይ ጠብ አደረገው። ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ከበርሜሉ ቀድቶ ከጎኑ አፈሰሰ። ሰዉ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከበርሜሉ የቀዳው የፈሰሰበት በኩል ቡናማ ሆነ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ከዚሁ በርሜል ነው የቀዳሁልዎት።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ክሩን አታይም? በገዛ እጄ ያሰርኩት ምልክት ነው!»

ሃሩን ክሩን አገላብጦ አየ። አንዲት ሴት፣ «የሽማግሌ ገንዘብ! ምናለ ፈጣሪን ብትፈራ!» አለችው። ሃሩን አንገቱን ደፍቶ ሌላ ሀይላንድ በነጻ ሞላለት። መኩሪያ አላመሰገነውም።

እቤት ሲደርስ በመጀመሪያ የቀረችውን ቁራጭ ክር አዲሱ ሀይላንድ ላይ አሰረ። ከዚያ ደረጃው ላይ አፈሰሰ። ሻዩን ሳይጨርስ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሆነ። በመጥረጊያ ሲጠርገው ረግፎ ወረደ። በጫማው እየረገጠ ፈተነው፤ አያዳልጥም። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ላላ አለው፤ ደስ አለው። አሁን አትወድቅም።

ብርነሽ በሩ ላይ ብቅ አለች። ግድግዳውን ተደግፋለች። በእጁ የያዘውን ሀይላንድና ሀይላንዱ አንገት ላይ ያለውን ክር ስታይ ፊቷ በራ።

«እሰይ! አንተም እንደ እኔ ለጠበሉ ማተብ ማሰር ጀመርክ?» አለችው። «ያን ከደረጃው ሥር መሬት ላይ ጥለኸው አንስቼ ራስጌዬ ያስቀመጥኩትንማ ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት።»