በስክሪኑ ላይ የቀረው መሰላል

ቴሌቪዥኑ ላይ መሰላል የሚመስል ነገር መኖሩን ልጅቷ ያስተዋለችው ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ነው።

ዜና አንባቢው ፊት ላይ፣ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ባሕሩ ላይ፣ ምንም ይምጣ ምን በስተግራ በኩል ያው ግራጫ መሰላል አብሮ ይመጣል። ጣቢያ ብትቀይር አይሄድም። በጨርቅ ብትወለውለው አይሄድም። ነቅላ ብትሰካውም ያው ነው።

"አባዬ፣ ይሄን አይተኸዋል?"

"ምኑን?"

"መስመሩን ነዋ!"

አባቷ ወንበሩ ላይ ተመቻቸና "እህ፣ እሱንማ ለምጄዋለሁ" አላት። "ሽማግሌ ሁሉ ፊቱ ላይ መስመር ይወጣበታል። እሱም አርጅቶ ይሆናላ።"

ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ቴሌቪዥኑን እሷ ራሷ ያመጣችው እናቷ በሞተች ዓመት፣ ቤቱ አባቷ ላይ ጭር እንዳይልበት ብላ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። አምና "ጣቴ ደከመ" ብሎ የስፌት መኪናውን ለሰው ሰጠ። እሷ ጎህ ሲቀድ ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት ትወጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለው ጓደኛው ይሄ ቴሌቪዥን ነው።

አሁን ደግሞ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏት ለሦስት ዓመት ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው። ደብዳቤው የመጣ ቀን አባቷ ወረቀቱን በጣቶቹ ዳበሰና "አንቺው አንብቢልኝ፤ ባንቺ ድምፅ ልስማው" አለ። ሁለቴ አስነበባት።

"አንድ ነገር ከሆንክማ ትምህርቱ ባፍንጫዬ ይውጣ፤ ጥዬህ አልሄድም" ብትለው ተቆጣ።

"እኔ ምን ሆንኩ? እጄ ደህና፣ እግሬ ደህና!"

ቴሌቪዥኑን ያበላሸውን ሰው ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ጎረቤታቸው ሴትዮ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ከአባቷ ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ፊልም ሲጀመር አፏ አይዘጋም። "አሁን ገባች። ቀይ ለብሳለች። ወይኔ፣ ደብዳቤውን አገኘችው!" ልጅቷ "ተርጓሚዋ" የሚል ስም አውጥታላታለች።

"ፊልሙ በገዛ ቋንቋችን ነው፤ ምኑን ነው የምትተረጉምልህ?" ብላ አባቷን ጠይቃው ነበር።

"ተያት፣ ዝም ካለች ትታመማለች" አላት።

ቅዳሜ ልጅቷ ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ ሴትዮዋ ሪሞቱን ይዛ ስትጫን ደረሰችባት። ሴትዮዋም ደንግጣ ሪሞቱን አባቷ ጭን ላይ ቶሎ አስቀመጠችው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የጠራችው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ሰኞ ጠዋት መጣ። አውቶቡሱ ከሰዓት ነው፤ ሻንጣዋ ተዘግቶ በር ሥር ቆሟል። አባቷ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። የሹራቡ ቁልፍ አንድ ዘሎ ተቆልፏል።

ጠጋኙ ሪሞቱን ሲጫን የሪሲቨሩ የጣቢያ ዝርዝር በስተግራ ወጣ። ዝርዝሩ መሰላሉ ላይ ልክክ አለ።

"ይኸውልሽ እህቴ፣ መሰላልሽ" አለ። "ይሄን አውጥቶ የሚተወው ሰው አለ። ድምፁ ስለማይቋረጥ ግድ አይሰጠውም። የቆመ ነገር ሲቆይበት ግን ስክሪኑ ላይ ይታተማል።"

"በአንድ ቀን?"

"ኧረ ተይ! ይሄ የወራት ሥራ ነው። በየቀኑ፣ ለሰዓታት።"

ብርሃኑን ቀነሰ። የቆመ ጽሑፍ እንዳይቆይበት፣ አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ እንዳይውል፣ ማንም ሳያየው በርቶ እንዳይከርም መከራት። በመጨረሻ አንድ ቁልፍ ተጫነና ምስሉ ጠፋ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ።

"እስከ ማታ ስክሪኑ ይረፍ፣ ድምፁን ስሙ። ሊለቅ ይችላል። ካልለቀቀም ትለምዱታላችሁ።"

ጠጋኙን ሸኝታ ስትመለስ ተርጓሚዋ በሩ ላይ ቆማለች።

"እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባይመጡ ደስ ይለኛል።"

"ምን አጠፋሁ ልጄ?"

"የአባቴን ጓደኛ አበላሹበት። ሪሞቱን ሲነካኩ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሴትዮዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። እሱ ፊቱን ወደ ፀሐይ እንዳደረገ ራሱን ቀስ አድርጎ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ልጅቷ በሴትዮዋ አዝኖ መሰላት።

"እውነትሽን ነው" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅር በይኝ።" በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር ብላ "በርጩማዋን ግን ከቦታዋ አታንሺያት" አለች።

እስከ መጨረሻው አዛዥ! አለች ልጅቷ በሆዷ።

ወደ ጓዳ ገብታ የመንገድ ልብሷን ለበሰች፤ ጫማዋን አሰረች። ስትወጣ አባቷ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የትናንቱ ኳስ ይተላለፋል፤ ተመልካቹ ይጮኻል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚታየው የእሷና የሻንጣዋ ጥላ ብቻ ነው።

አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል።

"እጁ ይባረክ!" አላት። "ያ መስመር እልም ብሎ ጠፋ እኮ! ነይ እይው፣ ኳሷ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። በይ ልጄ፣ አሁን ያለ ሐሳብ ሂጂ።"