እጅ የለመደው

አቶ ልሳኑ ለብሔራዊ ቡድኑ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኳስ በዱላ የሚመታበትን ክሪኬት ተጫውተው ባለፈው ወር ሲሰናበቱ፣ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ መቺ፣ በእነዚያ ዓመታት እጃቸው የተማረው ሁሉ ከእርሳቸው ወጥቶ ወደ ተተኪያቸው ወደ ኪሩቤል እጅ ተዛወረ። ደንቡ ይህ ነበርና ሳያንገራግሩ ፈረሙ። እጃቸው ኳስ ከመምታት ሌላ የተማረው ነገር እንዳለ አላሰቡም።

በሠርጓ ጠዋት ልጃቸው ትርሲት ሚዶውን አቀብላቸው ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሹሩባዋን የሚሠሩላት እርሳቸው ነበሩ፤ ከጨዋታ ሲመለሱ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ።

ጠጉሯን ለሦስት ከፈሉት። ከዚያ ጣቶቻቸው ቆሙ።

«አባዬ፣ ሚዜዎቹ ሳይደርሱ ጨርስልኝ እንጂ።»

«እጄ ረሳው፣ ልጄ።»

«ሕንዶችን ያርበደበደ እጅ ሹሩባ አቃተው?» ብላ ሳቀች። ዘወር ብላ ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች።

አቶ ልሳኑ ለኪሩቤል ደውለው የሆነውን ነገሩት።

«እኔም ልጠይቅዎ አፍሬ ነው፣ ጋሼ» አለ። «ተራዬን ስጠብቅ ጣቶቼ የጫማዬን ማሰሪያ ይጎነጉናሉ። ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር።»

ኪሩቤል መጥቶ ከትርሲት ኋላ ተቀመጠና ያለ ችግር ይሠራት ጀመር። አቶ ልሳኑ ሚዶውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ያቃጠላት ከግራ ጆሮዋ በላይ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጣቶቹ ላላ አሉ።

«አላመመኝም፣ አባዬ» አለች ትርሲት፣ ዐይኗን እንደ ጨፈነች።