የትንሿ መኪና ድምፅ

ጸጉር አስተካካዩ ትንሿን መኪናውን ለመሸጥ የቆረጠው ቋ ማለት ስትጀምር ነው።

ቆማ ሞተሯ ሲነሳ ምንም አትልም። መሄድ ስትጀምር ግን መታጠፊያ ላይ ቋ፣ ፍሬን ሲይዝ ቋ። ጠባይዋ የተበላሸው ከሚስቱ እህት ቤት ድግስ ሲመለሱ ነበር። ያን ዕለት ትንሽ ናት ሳይል ለድግሱ ያዋሱትን ሁሉ፣ ድስቱንም፣ ሰሃኑንም፣ በርጩማውንም እስከ ጣሪያዋ ጭኖባታል። "እኔው ነኝ የገደልኳት" እያለ አንጀቱ ያርር ጀመር። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ከማዋለጃ ወደ ቤት ያመጣቸው በእሷ ነው። ጠዋት ከራሱ ፊት በፊት የእሷን መስታወት የሚያጥብ ሰው ነው።

መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሞተሯን አስነስቶ፣ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠ።

"ምንም የለባትም" አለ።

ጸጉር አስተካካዩ ሰውዬው ደንቆሮ ነው ብሎ ደመደመና የሚያምናቸውን ባለሙያዎች ጠየቀ፤ የጸጉር ቤቱን ደንበኞች። ግማሽ ጢሙ የተላጨው "ፒስተን ነው" አለ። ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው "የለም፣ ካምቢዮ ነው" አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ሳይቀሩ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ መኪናዋ ብዙ አትከርምም። እጁ ላይ ሳትሞት መሸጥ አለባት።

ቋ የምትል መኪና ደግሞ ማን ይገዛል? ድምፁን ማጥፋት ካልተቻለ መሸፈን ይቻላል። በማግስቱ የመኪና ቴፕ ገጣሚ ዘንድ ሄዶ ሙዚቃ የሚያጎላ አምፕሊፋየር እንዲያስገባላት ጠየቀው።

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትወደው?" አለ ገጣሚው፣ የሽቦ ጥቅል አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥሞ።

"የሚጮኽ።"

"ቤዙ ይጠንክር?"

"ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ነው የምፈልገው።"

"ከውጭ?"

"ከውጭም ከውስጥም።"

ገጣሚው ነገር የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ከባትሪዋ ወፍራም ሽቦ ስቦ፣ ፊውዝ አስገብቶበት፣ በምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ አሳለፈው። የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ሽቦውን አሻገረ። ቀለሟን ፍቆ የኔጋቲቩን ሽቦ ከቦዲዋ ጋር አሰረ፤ አምፕሊፋየሩን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ጋር በብሎን አጠበቀው። አሮጌዎቹን ስፒከሮች አውጥቶ በትልልቅ ተካቸው። ሲጨርስ አንድ የተቋጠረ ፌስታል አቀበለው።

"አሮጌ ስፒከሮችህ ናቸው። ከወንበር ሥር የለቃቀምኩትንም እዚያው ጨምሬዋለሁ። የሰው ዕቃ አልጥልም።"

ጸጉር አስተካካዩ አልሰማውም፤ ልቡ ሙዚቃው ላይ ነበር። ፌስታሉን ወስዶ ጸጉር ቤቱ መደርደሪያ አናት ላይ ወረወረው።

ወደ ቤቱ ሲነዳ መስታወቱ ይርገበገባል፣ ጥርሱ ሳይቀር ይነዝረዋል። መታጠፊያ ላይ ምንም። ፍሬን ሲይዝ ምንም። በደስታ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሙዚቃ ሳይከፍት ቁልፍ አዙሮ አያውቅም፤ ያችን ቋ ደግሞ መስማት ፈርቶ ነበር።

ሊገዛ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎረቤቱ ነርሷ። የማታ ተረኛ ስትሆን መመለሻ ታጣለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያፍር ነበር። ግን ከድግሱ የተመለሰውን ዕቃ ወደ ቤት ሲያስገቡ ተሯሩጣ ያገዘቻቸው እሷ ነበረች፤ በማግስቱ ሚስቱ ከእናቷ የወረሰችውን የነሐስ ዘነዘና ብትፈልግ ብታስፈልግ አጣችው። ቤታቸው የገባ ሌላ ሰው የለም። ሚስቱ አፍ አውጥታ ሌባ አላለቻትም። ፊት ብቻ ነሳቻት። ነርሷ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች ሰላምታዋን አላቋረጠችም።

ነርሷ መሪ ጨብጣ ሰፈሩን ዞረች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

"ትንሽ ዝቅ ላድርገው?" ብላ ጮኸች።

"አትንኪው! ሲሞቅ ነው የሚያምረው!"

"ሞተሯን ልስማት እኮ!"

"ሞተሯ አይሰማም! እንደዚያ ዓይነት ሞተር ነው!"

ነርሷ በዚያው ቀን ገዛቻት። ማታ እራት ላይ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው።

"ለጎረቤቴ ሬሳ ሸጥኩላት" አለ ለሚስቱ።

"እሰይ! የእናቴን ዘነዘና ስታነሳ መች አዘነችልኝ? የእጇን ነው ያገኘችው።"

ከዚያ ወዲህ ትንሿ መኪና በጸጉር ቤቱ ደጅ ባለፈች ቁጥር ከመጋረጃው ኋላ ይሸሸጋል። መቼ ቆማባት ትመጣብኝ ይሆን እያለ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ መጣች። አምፕሊፋየሩን በብብቷ ይዛለች።

"ስለ መኪናዋ ላናግርህ ነበር፣ ወንድሜ።"

ምላጩን አስቀመጠ።

"ምን ሆነች?"

"እሷ ምን ትሆናለች? ይኼን ነገር አስነቀልኩት፣ ራሴን አዞረኝ። ለልጆችህ ይሁን ብዬ አመጣሁልህ።"

"እና... ካስነቀልሽው ወዲህ ድምፅ የላትም?"

"የምን ድምፅ? እንደተኛ ሕፃን ናት እኮ። አንዳንዴ ጠፍታብኝ ነው እያልኩ ቁልፉን አያለሁ።"

ጸጉር አስተካካዩ ፊቱን እንዳታየው አምፕሊፋየሩን ተቀብሎ ዞረና መደርደሪያው ላይ ቦታ ሊያበጅለት ፌስታሉን ሳብ አደረገው። የፌስታሉ ቂጥ ተቀደደ። ሁለቱ ስፒከሮች ተከታትለው ወረዱ። ከእነሱ ኋላ አንድ ሌላ ነገር ሲሚንቶው ላይ አረፈ።

ቋ።

ነርሷ ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር የተንከባለለውን የነሐስ ዘነዘና አነሳችለት።